የአጎት ማቲው አካፋ ዛሬ የት ይሰቀላል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «መምህር፣ ለንደን ያለች የአክስቴ ልጅ የኢንዲያ ናይትን ‹ዳርሊንግ› ላከችልኝ። የናንሲ ሚትፎርድ ‹ዘ ፐርሱት ኦፍ ላቭ› አዲስ ትረካ ነው አለችኝ። ዋናውን አላነበብኩም። እሱን ላስቀድም ወይስ ቀጥታ ልግባበት? ሌላም ልጨምር። ከጄን ኦስተን አዲስ ትረካዎች ሁለት ሞክሬአለሁ። የከርቲስ ሲተንፌልድ ‹ኤሊጅብል› አሳቀኝ። የጆአና ትሮሎፕ ‹ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ› ግን ደረቀብኝ። ስለ እንግሊዝ ወፈፌ ቤተሰቦች የተጻፉ የድሮ አስቂኝ ልብ ወለዶች ወደ ዛሬ ሲመጡ አንዳንዱ የሚሳካው፣ አንዳንዱ የሚከሽፈው ለምንድን ነው? እርስዎ ይህንን ስለሚያስተምሩ ነው የጠየቅኩዎት።»

አጭሩን ላስቀድም። ዋናውን መጀመሪያ አንብቢ። ከሁለት መቶ ገጽ ብዙም አይዘልም፤ ቅዳሜና እሁድ ይበቃሻል። ‹ዳርሊንግ› ራሱን ችሎ የሚቆም መጽሐፍ ነው፣ ብቻውንም ያስቅሻል። ግማሹ ጨዋታ ግን ያመልጥሻል።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል።

‹ዘ ፐርሱት ኦፍ ላቭ› የወጣው በ1945 መጨረሻ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ጦርነቱ ገና ማለቁ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ምግቡም ልብሱም በራሽን ነው። በዚያ መሃል ናንሲ ሚትፎርድ ስለ አንድ የገጠር ሎርድ ቤተሰብ፣ ስለ ራድሌቶች ጻፈች። ተራኪዋ ፋኒ ናት። እናቷ ባል እየጣለች ስለምትኮበልል ያሳደገቻት አክስቷ ናት። ለገናና ለዕረፍት ግን አልኮንሊ ወደሚባለው ወደ ሌላዋ አክስቷ ቤት ትሄዳለች። የዚያ ቤት ጌታ አጎት ማቲው ነው።

መጽሐፉ የሚከፈተው በአንድ ፎቶግራፍ ነው። አክስት ሴዲና ስድስት ልጆቿ ሻይ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ከእሳት ምድጃው በላይ የምሽግ መቆፈሪያ አካፋ ተሰቅሏል። አጎት ማቲው በ1915 ከጉድጓድ እየተሳቡ የሚወጡ ስምንት ጀርመኖችን አንድ በአንድ የገደለበት አካፋ ነው። ደሙና ጸጉሩ እንደተጣበቀበት ነው የተሰቀለው። ልጆቹ ከሥሩ ሻይ ይጠጣሉ። ናንሲ ይህን ስትጽፍ ድምፅዋን አንድ ጊዜ እንኳ አታነሳም። ስለ መጋረጃ ቀለም የምታወራ ነው የምትመስለው።

ሰውየው ሌላም አለው። ገና ሳይነጋ ሣሩ ላይ ወጥቶ አለንጋ ያጮኻል። ሲያሻው ልጆቹን ያስሮጥና በአነፍናፊ ውሾች ያሳድዳቸዋል። ይህ ፈጠራ እንዳይመስልሽ፣ የናንሲ አባት ሎርድ ሬድስዴል በገዛ ልጆቹ ላይ ያደርገው የነበረ ነገር ነው። አጎት ማቲው በሕይወቱ ያነበበው መጽሐፍ የጃክ ለንደን ‹ዋይት ፋንግ› ብቻ ነው። በጣም ስለወደደው ሌላ ማንበብ አላስፈለገውም። ሴቶች ልጆቹን ትምህርት ቤት አይልክም። የውጭ አገር ሰው ደግሞ ጭራሽ አይጥመውም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ወፈፌነቱ ነው የሚያስቀው» ብሎ ያልፋል። እኔ አይመስለኝም። ወፈፌ ሰው ለብቻው ሁለት ገጽ ያስቃል፣ ሦስተኛው ላይ ይሰለቻል። አጎት ማቲው የሚያስቀው ሥልጣን ስላለው ነው። ቤቱ የእሱ፣ ገንዘቡ የእሱ፣ ሕጉም ከእሱ ወገን ነው። ልጆቹ ይወዱታል፣ ይፈሩታልም። መሸሸጊያቸው የአንሶላና የፎጣ ማስቀመጫው ክፍል ነው። የሙቅ ውሃ ቧንቧ ስለሚያልፍበት በዚያ ብርዳም ቤት ሞቅ የሚለው ቦታ እሱ ነው። እዚያ ተፋፍገው ስለ ፍቅርና ስለ መውለድ የማያውቁትን ሁሉ ያወራሉ። ፍርሃቱን ከሥር ካወጣሽው ሳቁም አብሮ ይሄዳል።

አንድ ትዕይንት ጠጋ ብለን እንይ። የአጎት ማቲው ልጅ ሊንዳና ፋኒ በድብቅ ኦክስፎርድ ሄደው ከአንድ ወጣት ጋር ምሳ ይበላሉ። ወጣቱ ቶኒ ክሮዚግ ነው፣ የባንክ ሰው ልጅ። ምሳ ብቻ ነው፣ ሌላ ነገር የለም። ወሬው አጎት ማቲው ጆሮ ሲደርስ ቤቱ ይናወጣል። ባለትዳር ብትሆኑ ኖሮ ባሎቻችሁ በዚህ ብቻ ሊፈቷችሁ ይችሉ ነበር ይላቸዋል። አንባቢው ይስቃል። ልጆቹ ግን እውነትም ተሰብረዋል። ሊንዳ በኋላ ቶኒን ለማግባት የምትቸኩልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ከዚያ ቤት መውጫው በር ትዳር ብቻ ነው። ስለዚህ ቀልዱ ታሪኩንም ይገፋዋል።

አሁን ይህን ‹ዳርሊንግ› ወደወጣበት ወደ 2022 አምጪው። አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ልጅ ከወንድ ጋር ምሳ በላች። እና? አባቷ ቢጮህ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች፣ ቤት ትከራያለች፣ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። አጥሩ ፈርሷል። አጥር በሌለበት ደግሞ አጥር መዝለል አያስቅም። እንግዲህ አዲስ የሚተርክ ጸሐፊ የመጀመሪያ ሥራው ስልኩንና መኪናውን ማስገባት አይደለም፣ እሱን ማንም ይችላል። ድሮ ሕግና ባህል ይሠሩት የነበረውን አጥር ዛሬ ምን ይሠራዋል? ከባዱ ጥያቄ ይኼ ነው።

ኢንዲያ ናይት መልስ አግኝታለች ብዬ አምናለሁ። የእሷ ራድሌቶች ኖርፎክ ውስጥ የተንጣለለ የገጠር ቤት አላቸው። አባትየው የቀድሞ ሮክ ዘፋኝ ነው። መጀመሪያ ስሰማ ፊቴን አጨማደድኩ፣ ርካሽ ቀልድ መሰለኝ። ሳነበው ግን ገባኝ። ዛሬ እንግሊዝ አገር ትልቅ የገጠር ቤት፣ የማያልቅ ገንዘብና «እንዳሻኝ እኖራለሁ» የማለት መብት ያለው ማን ነው? ከሎርዶቹ ብዙዎቹ ቤታቸውን በቲኬት እያስጎበኙ ነው ጣሪያ የሚያስጠግኑት። የድሮ ሮክ ዘፋኝ ግን አለው። በዚያ ላይ ወጣት ወንድ ምን እንደሚያስብ ከማንም በላይ ያውቃል፣ ስለዚህ ለሴት ልጆቹ የሚመጣውን ጎረምሳ ሁሉ አስደንግጦ ይመልሳል። ያሻውን ሲያደርግ የኖረ ሰው ልጆቹን ይቆልፋል። ይህ ግብዝነት ከዋናው ላይ የለም፣ እሷ የጨመረችው ነው። ለእኔ የመጽሐፉ ምርጥ ፈጠራም እሱ ነው።

እናትየው የብር ጌጥ አንጠልጥላ ቤቱ ውስጥ የምትንሳፈፍ ናት። ሊንዳ ስለ ፍቅር ስትጠይቃት ስለ ከብት እርባታ ዝርዝር ታወራላታለች፣ ለጆሮ በሚከብድ መልኩ። ልጅቷ ታዲያ ፍቅርን በስልክ እንዳትፈልግ ኔትወርክ የለም። ኔትወርክ በሌለበት መኖር ምን ማለት እንደሆነ ለእኛ አገር አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም። አጥሩ እንግዲህ እንዲህ ተሠራ፦ ሀብታም አባት፣ ሩቅ ገጠር፣ የማይሠራ ስልክ። ከ1920ዎቹ አጥር ጋር ሲነጻጸር ዝቅ ያለ ነው። ግን ልጅቷ እስክታድግ ድረስ ይበቃል።

አሁን ዋናውን አስቀድሚ ያልኩሽ ለምን እንደሆነ ላሳይሽ። በ1945ቱ መጽሐፍ ሊንዳ የምታገባው ቶኒ ክሮዚግ ዘሩ ከጀርመን የመጣ የባንክ ቤተሰብ ልጅ ነው። አጎት ማቲው የሚጠላውም መጀመሪያ በዚህ ነው፦ ጀርመን! አካፋውን አስታውሺ። በ‹ዳርሊንግ› ደግሞ ሊንዳ የምታገባው የዩኪፕ ሎርድ ልጅ ነው። ዩኪፕ እንግሊዝ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ እያለ አገር ያናወጠው ፓርቲ ነው። አየሽው? በድሮው ባዕድ የሚጠላው አባትየው ነበር፣ ሙሽራው ባዕድ ነበር። በአዲሱ ባዕድ አልወድም የሚለው የሙሽራው ወገን ሆነ። ናይት ጥላቻውን ከምንወደው ሰው ትከሻ አንስታ ወደማንወደው አሻገረችው። ለዛሬ አንባቢ ይመቻል። ትንሽ ግን አቅልላዋለች፤ ድሮ የምንወደው ሰው ራሱ ነበር ባዕድ ጠሉ፣ እዚያ ላይ ነበር ሳቃችን የሚጎረብጠው። ‹ዳርሊንግ›ን ብቻ ብታነቢ ይህ ሽግሽግ ጭራሽ አይታይሽም።

ሌላው የማይሻገረው ነገር ጦርነቱ ነው። የመጀመሪያውን መጽሐፍ መጨረሻ አልነግርሽም። ብቻ ሊንዳ ከቶኒ ወደ አንድ ኮሚኒስት፣ ከኮሚኒስቱ ደግሞ ፓሪስ ጋር ዱ ኖር ጣቢያ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ ወዳገኛት ፈረንሳዊ መስፍን ትሄዳለች። ያኔ 1940 እየመጣ ነው። የ1945 አንባቢ ይህን ያውቃል፣ ብዙው የራሱን ሰው ቀብሮ ነው የሚያነበው። ናንሲም ወንድሟ ቶም በዚያው ዓመት በርማ ላይ ተገድሏል። ጥርስ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ሳቅ ነው። ዘመናዊ ትረካ ይህን ከየትም ሊያመጣው አይችልም፣ ባያመጣም አልፈርድበትም።

ወደ ኦስተን ልምጣ። ሃርፐርኮሊንስ የኦስተንን ስድስት ልብ ወለዶች በዘመኑ ደራስያን ለማስተረክ አቅዶ አራቱ ወጡ። አንቺ የሞከርሻቸው ሁለቱ ከዚያ ውስጥ ናቸው፣ የትሮሎፕ በ2013፣ የሲተንፌልድ በ2016። ለምን አንዱ አሳቀሽ፣ አንዱ ደረቀብሽ? ያው የአጥሩ ነገር ነው።

የ‹ኤሊጅብል› መነሻ በሆነው በ1813ቱ የኦስተን ‹ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ› የቤኔት ቤተሰብ ችግሩ ግልጽ ነበር። ርስቱ የሚያልፈው ለወንድ ወራሽ ብቻ ነው፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ አምስት ሴት ልጅ አለ። ወይዘሮ ቤኔት ስለ ትዳር የምትለፈልፈው እብድ ሆና ብቻ አይደለም፣ ሒሳቡ ገብቷታል። ሲተንፌልድ ይህን ቤተሰብ ከእንግሊዝ ነቅላ ኦሃዮ፣ ሲንሲናቲ ተከለችው። አቶ ቤኔት የልብ ሕመም ይዞታል፣ የሆስፒታል ዕዳ ተቆልሏል፣ ቤቱም እየፈረሰ ነው። ትልልቆቹ ሁለቱ ልጆች አርባ ሊደፍኑ ነው። አሜሪካ የሚኖር ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ የዚያ አገር የሕክምና ክፍያ አንድን ቤተሰብ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ሰምቷል። ሴትየዋ ለውርስ ሕጉ ትክክለኛውን ምትክ አገኘች። ቤተሰቡ ከአገሩ ወጥቶ ሲያበቃ ከብዙዎቹ ይልቅ ለኦስተን የቀረበ የመሰለኝ ለዚህ ነው።

ትሮሎፕም ብልሃት አላጣችም። የታሪኩ እህትማማቾች እናትና አባት በሕግ ሳይጋቡ ስለኖሩ ቤቱ ለአባትየው የመጀመሪያ ሚስት ልጅ ይሄዳል። ጥሩ መነሻ ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቹ ጤነኛ አእምሮ ያላቸው፣ የተማሩ የ2013 ወጣቶች ናቸው። አንባቢው በየገጹ «ለምን ሥራ አትፈልጉም?» ይላል። አንዴ ይህን ካለ ደግሞ ቀልዱም ሐዘኑም አይዘውም። ከእህትማማቾቹ አንዷ ማሪያን አስም እንዲኖርባት መደረጉ ለሕመሟ ትዕይንት ረድቷል። ለቀሪው ግን ምንም አላደረገም። መድረቁን የፈጠርሽው አንቺ አይደለሽም።

አሁን ብዙም የማይነገረውን ላንሳ። ዋናው መጽሐፍ ራሱ ድጋሚ ትረካ ነው። ናንሲ የተረከችው የገዛ ቤተሰቧን ነው፣ ስትተርክም መርጣለች። ሚትፎርዶች ስድስት እህትማማቾችና አንድ ወንድም ነበሩ። ዳያና በ1936 የእንግሊዝ ፋሺስቶችን መሪ ኦስዋልድ ሞዝሊን በርሊን ውስጥ የናዚው ሚኒስትር ጎብልስ ቤት አገባች። ሒትለር በሰርጉ ላይ ነበር። ዩኒቲ ሒትለርን ታመልክ ነበር፤ እንግሊዝ ጦርነት ባወጀችበት ቀን ሙኒክ ውስጥ ራሷን በሽጉጥ መታች፣ ተረፈች፣ በ1948 ሞተች። ጄሲካ በተቃራኒው ኮሚኒስት ሆና በ1937 ወደ ስፔን ኮበለለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ለመኮብለያ የሚሆን የባንክ ሒሳብ ነበራት።

ከነዚህ ውስጥ ‹ዘ ፐርሱት ኦፍ ላቭ› የገባው የትኛው ነው? ኮሚኒስቱ ገባ፣ ስፔን ገባች፣ ኩብለላው ገባ። ፋሺስቶቹ እህቶች ግን የሉም። ናንሲ ቀድሞ ሞክራው ነበር። በ1935 ‹ዊግስ ኦን ዘ ግሪን› በሚል ልብ ወለድ በሞዝሊ እንቅስቃሴ ቀለደች፣ ከዳያና ጋርም ተቀያየመች። ከጦርነቱ በኋላ መጽሐፉ እንደገና እንዲታተም አልፈቀደችም። በ1951 ለጓደኛዋ ለደራሲው ለኢቭሊን ዎ ስትጽፍ፣ በናዚ መቀለድ ከእንግዲህ አያስቅም የሚል ሐሳብ ሰጠች። መጽሐፉ እንደገና የወጣው ከሞተች ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በ2010 ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ እኛም አለንበት። በ1935 ጣሊያን ሲወረን የሞዝሊ ፓርቲ «እንግሊዝ የራሷን ጉዳይ ትይ» እያለ በጣሊያን ላይ የሚጣለውን ማዕቀብ ይቃወም ነበር። ከሙሶሊኒም ገንዘብ ይቀበል ነበር። ስለዚህ የሚትፎርድ ቤት ወፈፌነት ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በ2025 የወጣው ‹አውትሬጅየስ› የተባለው ተከታታይ ድራማ ናንሲ የተወችውን መልሶ አምጥቷል፤ እህቶቹን በእውነተኛ ስማቸው፣ ፋሺዝሙንም ጭምር።

ኢቭሊን ዎን ካነሳሁ አይቀር፣ ‹ዘ ፐርሱት ኦፍ ላቭ› የሚለውን ርዕስ ያቀረበላት እሱ ነው። ሰውየው አዲስ አበባን ያውቃታል። በ1930 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ፣ በ1935 ደግሞ ለ‹ዴይሊ ሜይል› የጦርነት ወሬ ሊዘግብ መጥቷል። ከሁለተኛው ጉዞ ‹ስኩፕ› ወጣ፣ በ1938። ይህም አንዱ ክፍሉ የወፈፌ ቤተሰብ ልብ ወለድ ነው። ቡት ማግና የሚባል የሚፈርስ ቤት፣ በአልጋ የዋሉ አሮጊት ሞግዚቶች፣ የማይሠሩ አጎቶች። ዊልያም ቡት እዚያ ተቀምጦ ስለ ዱር አራዊት ለጋዜጣ ይጽፋል፤ እህቱ ለተንኮል አንዴ የእንስሳውን ስም በወፍ ስም ቀይራበታለች። በስም ስህተት ተይዞ ጦርነት ሊዘግብ እሽማኤሊያ ወደምትባል የፈጠራ የአፍሪካ አገር ይላካል። እሽማኤሊያ የኛን የ1935 ከተማ ለምታውቅ ዓይን አትሰወርም። ጋዜጠኞቹ የሌለ ዜና ሲፈጥሩ እስቃለሁ። የአገሬው ሰው የተሳለበት ላይ ስደርስ ግን አልስቅም፤ ዎ ለቡት ማግና ያለው ፍቅር ለእኛ የለውም። ይህን መጽሐፍ ዛሬ እንደገና የሚተርክ ሰው ከሁለቱ ቤቶች የሚከብደው እንግሊዙ አይሆንም።

ማንበቡ ካልቀናሽ የ2021ዱ የቢቢሲ ‹ዘ ፐርሱት ኦፍ ላቭ› አለ፣ ኤሚሊ ሞርቲመር ጽፋ ያዘጋጀችው። ሦስት ክፍል ብቻ ነው። ልብሱና ቤቱ የድሮ ነው፣ ሙዚቃው ግን ቆየት ብሎ የመጣ ሮክና ፖፕ። አንድሩ ስኮት የራድሌቶችን ሀብታም ጎረቤት ሎርድ መርሊንን ሆኖ ሲገባ ታሪኩን የማያውቅም ቀጥ ብሎ ይቀመጣል። ዘመኑን ሳይነካ ስሜቱን ማደስ ይቻላል ለሚል ሰው ጥሩ ማስረጃ ነው። እኔ ግን ዶሚኒክ ዌስት የሚጫወተው አጎት ማቲው ከመጽሐፉ ይልቅ አስፈሪነቱ አመዘነብኝ። ገጽ ላይ የናንሲ ድምፅ ያለዝበዋል፣ ስክሪን ላይ ጩኸቱ ራቁቱን ይቀራል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይኸውልሽ። የ1945ቱን አንብቢ። ሳትቆዪ፣ ገና ትኩስ ሳለ፣ ‹ዳርሊንግ›ን ቀጥዪ፤ አካፋውን፣ ውሾቹንና የአንሶላውን ክፍል ናይት ምን እንዳደረገቻቸው እየፈለግሽ። ከዚያ የጄሲካን ትዝታ ‹ሆንስ ኤንድ ሬብልስ›ን ጨምሪ፣ 1960 ነው የወጣው፣ ያንኑ ቤት ከሌላ መስኮት ታሳይሻለች። አጎት ማቲው ከናፈቀሽ ደግሞ በ1949 በወጣው ‹ላቭ ኢን ኤ ኮልድ ክላይሜት› ውስጥ ታገኚዋለሽ። እዚያ የሚጠላውን ሰው ስም ወረቀት ላይ ጽፎ መሳቢያ ውስጥ ከከተተ ሰውየው በዓመቱ ይሞታል ብሎ ያምናል። የቤቱ መሳቢያዎች በስም ተሞልተዋል፣ ሰዎቹ ግን አብዛኞቹ በደህና አሉ።